ሦስቴ የቆጠርኩት ልጅ

ሰላም ወዳጆቼ፣ እንደምን ከረማችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። የምቀዳው ከቤቴ ነው፤ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ። ወደ አዳማ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ የሚጀምረው እዚሁ አጠገባችን ስለሆነ የከባድ መኪና ድምፅ ከገባ ታገሱኝ። መስኮቱን ዘግቻለሁ፤ ግን ያው ነው።

ይህን ክፍል ሁለት ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። ባለፈው እሑድ ግን ከአምልኮ በኋላ አንድ ወጣት ወንድማችን ጠጋ አለኝና፣ «እህቴ፣ በሚቀጥለው ወር መሄዴ ነው፤ ምን ልያዝ?» አለኝ። በጎ ፈቃደኛ ሚሲዮናዊ ሆኖ ለሁለት ዓመት ወደ ጎረቤት አገር ሊሄድ ነው። 22 ዓመቱ ነው። እኔም የሄድኩት በዚያው ዕድሜ ነበር። ስለ አጎበር ነገርኩት፣ ስለ ወባ መድኃኒት፣ ስለ ጫማ። ቤት ገብቼ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ዋናውን ነገር አልነገርኩትማ።

ከመጀመሪያው ልነሳ። 2009 ዓ.ም. መስከረም ላይ ነው ወደ ኡጋንዳ የሄድኩት። ያኔ ቤተ ክርስቲያናችን የቆርቆሮ አዳራሽ ነበረች። ግድግዳውም ጣሪያውም ቆርቆሮ። ዝናብ ሲመጣ ሰባኪው ያቆማል፣ እኛ እንዘምራለን፤ ካባራ በኋላ ስብከቱ ይቀጥላል። ምእመኑ የኮንዶሚኒየም ዕጣ ደርሶት የመጣ ነው፣ ወይ ከመሀል ከተማ በልማት የተነሳ ነው፣ ወይ ከገጠር መጥቶ የቀን ሥራ የሚሠራ ነው። ሀብታም የለንም። እኔን የላኩኝ እነዚህ ሰዎች ናቸው። በየወሩ የሚያዋጡት በአንድ ደብተር ላይ ይጻፋል። 20 ብር። 50 ብር። አልፎ አልፎ 200።

እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ አንድ እናት አሉ። ሁላችንም እማማ ነው የምንላቸው። በየወሩ 50 ብር ያወጡ ነበር። በሁለት ዓመት ውስጥ አንድም ወር አላጎደሉም፤ ደብተሩን በኋላ አይቼዋለሁ። የሄድኩ ዕለት ደግሞ ድርቆሽና በርበሬ በሦስት ፌስታል ደራርበው ቋጥረው ሰጡኝ። «ያ አገር ጤፍ የለውም አሉ» አሉኝ።

ያረፍኩት ከጂንጃ ወጣ ባለች መንደር ነው። ጂንጃ ከካምፓላ በስተ ምሥራቅ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ነጭ አባይ ከቪክቶሪያ ሐይቅ የሚነሳው እዚያ ነው። የመጀመሪያ ሳምንት ወንዙን ሲያሳዩኝ ዝም ብዬ አለቀስኩ። ካርቱም ላይ ከኛው አባይ ጋር እንደሚገናኝ አውቃለሁ፤ ናፍቆቴን የሚያውቅ ዘመድ ያገኘሁ ነው የመሰለኝ።

አገሩ ቀይ አፈር ነው፣ ሙዝ ነው፣ ሸንኮራ አገዳ ነው። ሰዉ ትሑት ነው። ሴቶች ተንበርክከው ነው ሰላም የሚሉት። አንድ ቀን ከእናቴ የማያንሱ ሴት ውሃ ይዘውልኝ መጡና ጉልበታቸውን መሬት አስነክተው ሰጡኝ። እኔ ብድግ አልኩ። እኛ አገር ታላቅ ሲገባ ታናሽ ነው ተነስቶ «ኖር» የሚለው። እሳቸው ሲንበረከኩ እኔ ስነሳ፣ ውሃው መሀል ላይ ቀረ። ከዚያ በኋላ እኔም መንበርከክ ለመድኩ።

ሥራዬ ቅዳሜ ቅዳሜ የልጆች ፕሮግራም ነበር፤ በሌላው ቀን ደግሞ ከትምህርት ቤት መልስ ንባብ ማስጠናት። እዚያ በሚነገረው በሉጋንዳ ቋንቋ «ኦኩሶማ» ማለት ማንበብ ነው። ግን ወደ አምልኮ መሄድም ያው ኦኩሶማ ነው። የመጀመሪያዎቹን ክርስቲያኖች «አንባቢዎች» ነበር የሚሏቸው። ይህን ስሰማ ደስ አለኝ፤ የኛም አባቶች ፊደል የቆጠሩት ቄስ ትምህርት ቤት አይደል?

ቋንቋ ያስተማረኝ አንድ ልጅ ነው። ዘጠኝ ዓመት ቢሆነው ነው። ስሙን እዚህ አልጠራውም፣ ልጅ ነውና። ልብስ ሳጥብ አጠገቤ ቁጭ ይልና ዕቃውን እያነሳ ስሙን ይነግረኛል። ሳሙና። ባልዲ። ስሳሳት አይስቅብኝም፣ እንደገና ይለዋል። መጀመሪያ ያስተማረኝ ቃል «ጄባሌኮ» ነው። ሰው ሥራ ላይ ስታገኙ የምትሉት ሰላምታ ነው። እኛ «በርቱ» እንላለን። እነሱ ግን ስለ ሥራህ አመሰግናለሁ ነው የሚሉት። ለራስህ እያጠብክ፣ የራስህን ማሳ እየቆፈርክ፣ የማያውቅህ መንገደኛ አመስግኖህ ያልፋል።

በመጀመሪያው ወር ደብዳቤዬ ላይ የጻፍኩት ይህንን ነበር። ሌላ የምጽፈው ነገር አልነበረኝም። የልጁን ስም ጻፍኩ፣ ጄባሌኮን ጻፍኩ፣ ጸልዩለት አልኩ።

አሁን ወደ ከበደኝ ነገር ልምጣ።

ደብዳቤዬ በየወሩ እሑድ ላይ ይነበብ ነበር። ጓደኛዬ በስልክ ትነግረኛለች። የመጀመሪያው ሲነበብ ሰዉ በጸጥታ አዳመጠ አለችኝ። ሦስተኛው ላይ ግን «በዚህ ወር 41 ልጆች ጌታን ተቀበሉ» ብዬ ነበር። ጭብጨባው፣ እልልታው! ቀድታ ላከችልኝ። ቆርቆሮው ሲያስተጋባ ይሰማል። ያንን ድምፅ በጆሮ ማዳመጫ ደጋግሜ ሰማሁት። ከቤቴ ርቄ ነበር፤ ደክሞኝ ነበር። ያ እልልታ ምግብ ሆነኝ።

41 እንዴት እንደመጣ ልንገራችሁ። ከማንጎ ዛፍ ሥር ነው። ታሪክ እነግራለሁ፣ አንድ የአገሩ ወንድም ያስተረጉማል። በመጨረሻ «ኢየሱስን መቀበል የምትፈልጉ እጃችሁን አንሱ» እላለሁ። እጅ ይነሳል። እቆጥራለሁ። ከዚያ ብስኩት እናድላለን።

በሦስተኛው ቅዳሜ ያ ቋንቋ አስተማሪዬ እጁን አነሳ። ባለፈው ቅዳሜም አንስቶ ነበር። ከዚያ በፊትም። ሲያልቅ ጠራሁትና በአስተርጓሚው በኩል ጠየቅኩት፤ «አንተ ባለፈው ተቀብለህ የለም እንዴ? ለምን ደግመህ አነሳህ?» እግሩን እያየ መለሰ። አስተርጓሚው ትንሽ ቆየና ወደ እኔ ዞረ። «እጄን ሳነሳ ፊትሽ ደስ ስለሚለው ነው ይላል» አለኝ።

(ይቅርታ። ውሃ ልጠጣ።)

ያንን ቀን ማቆም ነበረብኝ። ማታ ላይ ደብተሩን ገልጬ እጆቹን ስደምር ልጁ ሦስቴ እንደተቆጠረ አውቅ ነበር። እንደሱ ስንቱ እንደሆነ ግን አላውቅም። ሆኖም 41 ብዬ ጻፍኩ። ማንም አላዘዘኝም። ማንም ቁጥር አምጪ አላለኝም። ከዚያ ወር ወዲያ ደብዳቤዎቼ ውስጥ የሰው ስም የለም፤ ቁጥር ብቻ።

የሚገርመው፣ ኡጋንዳ ማለት በ2014 (እ.ኤ.አ.) በተደረገው ቆጠራ ከ10 ሰው ከ8 በላይ ክርስቲያን ነኝ ያለበት አገር ነው። እንግሊዛዊው የአንግሊካን ጳጳስ ጄምስ ሃኒንግተን በ1885 (እ.ኤ.አ.) የተገደለው በዚያው እኔ በነበርኩበት በቡሶጋ ምድር ነው። በቀጣዩ ዓመት ሰኔ 3 ቀን፣ በነሱ አቆጣጠር፣ ናሙጎንጎ በሚባል ቦታ ብዙ ወጣቶች ስለ እምነታቸው ተቃጥለው ሞቱ። በቡጋንዳው ንጉሥ በሙዋንጋ ዘመን የተገደሉት ሰማዕታት 22ቱ ካቶሊክ፣ 23ቱ አንግሊካን ናቸው። ብዙዎቹ የቤተ መንግሥት አሽከሮች፣ ለጋ ልጆች ነበሩ። የነዚያ እናቶች የልጅ ልጆች ናቸው እንግዲህ እኔን ተንበርክከው ውሃ ያጠጡኝ። እኔ ግን ለእልልታው ስል ወንጌል ያልሰማ ምድር አስመስዬ ጻፍኩ። ውሸት ነው በሉኝ፣ እቀበላለሁ።

ይህ የቁጥር ረሃብ ከየት እንደመጣብኝ ብዙ አስቤያለሁ። እኛ ወንጌላውያን ያደግንበት አንድ ታሪክ አለ። ጣሊያን የውጭ ሚሲዮናውያንን ከወላይታ ሲያስወጣ የተጠመቁት አማኞች 48 ነበሩ። ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ ወደ 10 ሺህ ሆነው ቆዩአቸው። በየሚሲዮን ጉባኤው ይነገራል፣ እንባችን ይመጣል። ትልቅ ታሪክ ነው፤ እወደዋለሁ። እኔ ግን ከዚያ የያዝኩት 48ንና 10 ሺህን ነው። መሀል ላይ ያለውን አላየሁም። በነዚያ ዓመታት ሪፖርት የሚጽፍ ሚሲዮናዊ እዚያ አልነበረም። ወላይታዎቹ ራሳቸው ናቸው ቤት ለቤት የተጠያየቁት፣ የታሰረውን ምግብ ይዘው የጎበኙት፣ ወደ ጎረቤት ሕዝብ በእግራቸው የሄዱት።

በሁለተኛው ዓመት አጋማሽ ላይ ያ ልጅ መምጣት አቆመ። አንድ ጊዜ ጠየቅኩ። ከአያቱ ጋር ሌላ ቦታ ሄዷል አሉኝ። የት ብዬ አልጠየቅኩም። ብዙ ልጆች ነበሩ፤ ፕሮግራሙ ሰፍቶ ነበር፤ ደብተሩ ሞልቶ ነበር።

2011 መስከረም ተመለስኩ። ቤተ ክርስቲያን ተቀበለችኝ፣ መሰከርኩ፣ ቁጥሩን ተናገርኩ፣ እልል ተባለ። በሳምንቱ እማማ ቡና ጠሩኝ። ቤታቸው የሰርቪስ ክፍል ናት፤ ምጣዱ አንዱን ጥግ ይዞታል፣ ግድግዳው በጭስ ጠቁሯል። ሁለተኛው ቡና ላይ ደረስን። እማማ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ከትራስ ሥር አወጡ። እማማ ማንበብ አይችሉም። ግን መጽሐፍ ቅዱስ አላቸው፤ ሲጸልዩ ደረታቸው ላይ ይይዙታል። ከመሀሉ አንዲት ወረቀት አወጡ፤ ከደብተር የተቀደደች፣ በአራት የታጠፈች። የሰው እጅ ጽሑፍ ነው። የልጁ ስም ነው።

የመጀመሪያው ደብዳቤ የተነበበ ዕለት አንባቢዋን «ጻፊልኝ» ብለዋት ኖሯል።

«በያ ልጄ» አሉኝ፣ «እንደው ይሄ ልጅ እንዴት ሆነ? ሁልጊዜ ማለዳ ነው የማነሳው። ደህና ነው?»

ስኒውን ይዤ ቀረሁ። ስንት ሰዎች፣ ስንት መንደሮች ብለው ቢጠይቁኝ አፌን ሞልቼ እመልስ ነበር። «አላውቅም እማማ» አልኳቸው። አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይሻል ነበር። ወረቀቷን መልሰው አጠፏትና፣ «እንግዲያስ ጠይቂልኝ» አሉ። ሦስተኛውን ቡና ቀዱ።

ከሽማግሌዎች ለአንዱ ሁሉንም ነገርኩት። «ልጄ፣ በበዓለ ሃምሳም 3 ሺህ ተብሎ ተቆጥሯል» አለኝ። እውነቱን ነው። መቁጠር ኃጢአት ነው አልልም። ብቻ እነዚያ 3 ሺህ ሰዎች እኮ ወዲያው አብረው እንጀራ ሲቆርሱ ነው የምናገኛቸው። እኔ ቆጥሬ ብስኩት አድዬ ነው የሄድኩት።

ከዚያ በሁለተኛው ወር ጉባኤው ፊት ቆሜ ተናዘዝኩ። አዳራሹ ጸጥ አለ። አንድ ወንድም፣ የቀን ሠራተኛ ነው፣ ሲወጣ በሩ ላይ ያዘኝ። «ያንን ደብዳቤ ሰምቼ ነው የምሳዬን የሰጠሁት» አለኝ። ይቅርታ ጠየቅኩት። ይቅር ብሎኛል፤ ግን ጊዜ ወሰደበት፣ መውሰድም ነበረበት።

ልጁን ማፈላለጉ አራት ወር ፈጀ። ያ አስተርጓሚ ወንድም፣ ጌታ ይባርከው፣ በቦዳቦዳ፣ በሞተር ሳይክል ታክሲ ማለት ነው፣ መንደር ለመንደር ዞሮ አገኘው። በዋትሳፕ የድምፅ መልእክት ላከልኝ። ልጁ ከአያቱ ጋር ነው። በሕይወት አለ፣ ጤነኛ ነው። ትምህርቱን አቁሟል፤ ሸንኮራ አገዳ ሲቆረጥ ይሸከማል። መጨረሻ ላይ የራሱ ድምፅ ገባ። ጎርነን ብሏል። አንድ ቃል ብቻ ነው ያለኝ፤ ጄባሌኮ።

ስልኩን ይዤ እየሮጥኩ እማማ ጋ ሄድኩ። እየጋገሩ ነበር። ድምፁን አሰማኋቸው። እጃቸውን በመቀነታቸው ጠርገው ስልኩን ተቀበሉኝና ጆሯቸው ላይ አደረጉት። «ድገሚልኝ» አሉ። ደገምኩላቸው። ምን ማለቱ እንደሆነ ነገርኳቸው። ስለ ትምህርቱም ነገርኳቸው። አክንባሎውን ከድነው፣ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን አምጥተው፣ ወረቀቷን ዘረጉልኝ። «ከሥሩ ትምህርቱን ብለሽ ጻፊበት» አሉኝ። ጻፍኩበት። ከእጥፋቱ ላይ ልትቀደድ ደርሳለች። በፕላስተር ለጠፍኳት።

ወንድሜ፣ ይህን እየሰማህ ከሆነ፣ እሑድ ከአምልኮ በኋላ እማማ ጋ አብረን እንሄዳለን። ነግሬያቸዋለሁ፣ ይጠብቁናል። ቡናቸው ሦስተኛው ድረስ ነው፤ ሌላ ቀጠሮ እንዳትይዝ። ለሌሎቻችሁ በሚቀጥለው ሳምንት ያገናኘን፤ ደህና እደሩ።