ማህተም ብቻውን አያስገባም
(ደብረ ማርቆስ ላይ ለ12ኛ ክፍል ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ መምህራን፣ ወላጆች፣ ውድ ተማሪዎች፤ እንደምን ዋላችሁ!

አገር ውስጥ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት የሚወስነው የ12ኛ ክፍል ፈተና ነው። ሪኮመንዴሽን፣ ማለትም መምህር ስለ እናንተ የሚጽፈው የምስክርነት ደብዳቤ፣ የሚጠይቃችሁ የለም። ወደ ውጭ ስታመለክቱ ግን ይለያል። ብዙ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ከውጤታችሁ ሌላ ያስተማራችሁን መምህር ምስክርነት ይፈልጋሉ።

እኛ ዘንድ ደብዳቤ ሲባል ቀድሞ የሚታየን ክብ ማህተም ነው። «ታታሪ፣ ጎበዝ፣ ሥነ ምግባር ያለው» ይልና ማህተሙ ያርፍበታል። ስሙን ብቻ ብትቀይሩት ለጎረቤት ልጅም ይሆናል። አንባቢውም ይህን አያጣውም።

እናንተ በቅኔ ትምህርት የታወቁት የዋሸራና የጎንጅ አገር ልጆች ናችሁ። የኔታ ስለ ተማሪያቸው ሲመሰክሩ ቃላቸው የሚከበረው ቅኔውን ሲሰሙና ሲያርሙ ስለከረሙ ነው። የፊዚክስ መምህራችሁም ያላዩትን መጻፍ አይችሉም። ስለዚህ ዘንድሮ ክፍል ውስጥ ጠይቁ። ፈተና ሲመለስ የሳታችሁትን ይዛችሁ ሂዱ። ክፍሉ በተማሪ ስለሚጨናነቅ ዝም ያለ ልጅ አይታወቅም።

ባለሥልጣን አትፈልጉ። አጎታችሁ የሚያውቁት የዞን ኃላፊ ስለ እናንተ ምን ሊጽፉ ነው? ወድቃችሁ ስትነሱ ያዩ መምህር ይበልጣሉ። (ወላጆች፣ ማር ይዛችሁም አትሂዱ!)

«ቲቸር፣ ስለኔ በደንብ ሊጽፉልኝ ይችላሉ?» ብላችሁ ጠይቁ። ካመነቱ አመስግናችሁ ሌላ ፈልጉ። እሺ ካሉ የምታመለክቱበትን የትምህርት ዓይነት፣ የመጨረሻውን ቀን፣ እሳቸው ዘንድ የሠራችሁትን ሥራ በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ስጧቸው። ቢያንስ ከወር በፊት ይሁን። ቀደም ብሎ የሚዘጋው የአሜሪካ ማመልከቻ ብዙ ጊዜ ኖቬምበር 1 ያበቃል። በእኛ ጥቅምት 22 ገደማ ነው። ትምህርት ገና ሳይሞቅ ማለት ነው! ሌላው ብዙውን ጊዜ ጃንዋሪ መጀመሪያ፣ ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ይዘጋል።

ደብዳቤው በእጃችሁ አይገባም። እንደ ኮመን አፕ ባሉት የኢንተርኔት ማመልከቻዎች ላይ ደብዳቤው የሚገባበት ሊንክ በመምህሩ ኢሜይል ይላካል፤ የሚልኩትም እሳቸው ናቸው። የኔትወርኩን ነገር ታውቁታላችሁ፤ የመጨረሻዋን ቀን አትጠብቁ። «ደብዳቤውን የማየት መብትህን ትተዋለህ?» የሚል ጥያቄም አለ። ተዉት። ተማሪው ያላየው ደብዳቤ የበለጠ ይታመናል።

አሁን መምህራን። «ራስህ ጽፈህ አምጣ፣ እፈርማለሁ» የምትሉ አላችሁ። ሥራው እንደሚደራረብባችሁ ይገባኛል። ግን ልጁ የጻፈው የልጁ ድምፅ ነው፤ ያስታውቃል። ጥያቄው እምቢ ሲለው ምን እንዳደረገ፣ ለጓደኛው እንዴት እንዳስረዳ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። እንግሊዝኛው ባይራቀቅ ግድ የለም። አንድ እውነተኛ ገጠመኝ ከአሥር «ጎበዝ» ይሻላል።

አመሰግናለሁ። ወደ ጥያቄ እንሂድ፤ ከኋላ ያላችሁ ጀምሩ።