ጧሪ፣ ቀባሪ እና ጠያቂ

ጤና ይስጥልኝ፤ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ አልጋበዝኩም። የማወራው ነገር ሰው ፊት ስለከበደኝ ብቻዬን ተቀምጬ ነው የምቀዳው።

65 ዓመቴ ነው። አላገባሁም፤ አልወለድኩም። ሰፈር ውስጥ «ቆማ ቀር» ሲባል ሰምቼ እንዳልሰማሁ ያለፍኩበት ጊዜ ብዙ ነው። ድሮ ቃሉ ያመኝ ነበር። አሁን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው።

አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ 33 ዓመት ሠርቼ፣ በ2013 ዓ.ም. 60 ሲሞላኝ ጡረታ ወጣሁ። ጥሩ ሽኝት ተደረገልኝ። ጋቢ አለበሱኝ፣ የምስክር ወረቀት ሰጡኝ። አለቃችን «ከእንግዲህ እረፍት ነው» አሉ፤ ተጨበጨበ።

የዚያን ቀን ምን እንደተወሰደብኝ ግን አላወቅኩም ነበር።

መሥሪያ ቤት ጠዋት ፊርማ አለ። 2 ሰዓት ተኩል ሲሆን ወረቀቱ ይነሳል። ያልፈረመ ሰው ስም ላይ ቀይ ይሰመራል። ስንት ጊዜ ተናድጄበታለሁ! ግን አስቡት። አንድ ቀን ብቀር 4 ሰዓት ሳይሞላ ሻይ ክበብ ውስጥ «ምን ሆና ነው?» ይባላል። አንዷ ትደውላለች። ያገባ ሰው መቅረቱን የሚያውቅለት ቤቱ ነው። የኔን መቅረት ያውቅ የነበረው ያ ወረቀት ነው። ጡረታ ስወጣ ስሜ ከወረቀቱ ወጣ። ከዚያ በኋላ ቀይ የሚያሰምርብኝ ሰው የለም።

እስቲ ቃሉን ራሱን እንየው። «ጡረታ» ከመጦር ነው የመጣው። ሰው ሲመርቀን «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣሽ» ይላል። ጧሪው ልጅ ነው፣ ባል ነው፣ ቤተሰብ ነው። እኔን የሚጦረኝ መንግሥት ነው፤ ከደሞዜ በየወሩ ሲቆረጥ የኖረው ለዚህ ነው። የኔ ጡረታ ሲሰላ ለመጀመሪያው 10 ዓመት 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ለሠራሁት ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ እየተጨመረ፣ የመጨረሻው ሦስት ዓመት አማካይ ደሞዜ 59 በመቶ ገደማ ሆነ። የኑሮውን ነገር እናንተም ታውቁታላችሁ፤ እዚያ ላይ አልቆይም።

የምቆየው ሌላ ወረቀት ላይ ነው። ፎርም ስሞላ ስለ ተተኪዎች የሚል ነገር አለ። እኔ በወጣሁበት ጊዜ የሚሠራበት አዋጅ 714 ነው፤ በ2003 ዓ.ም. የወጣው። ጡረተኛው ሲሞት ለሚስት ወይም ለባል 50 በመቶ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ 20 በመቶ፣ እሱ ይጦራቸው ለነበሩ ወላጆች ለእያንዳንዳቸው 15 በመቶ ይላል። ልጅ የሚለው 18 ዓመት ያልሞላውን ነው። እህት የሚል የለም። የእህት ልጅ የሚልም የለም። እኔ ደግሞ የእህቴን ሦስት ልጆች ያስተማርኩ ነኝ። ዩኒፎርም የገዛሁ፣ ወላጅ ኮሚቴ ስብሰባ የገባሁ። ሕጉን ለመውቀስ አይደለም፤ ሕግ የሆነ ቦታ ላይ መስመር ማስመር አለበት። ግን ያንን ፎርም ባዶውን መልሼ ስሰጥ ፎርሙን የምትቀበለው ልጅ «ምንም የለም?» አለችኝ። «ምንም የለም» አልኳት። ደረጃውን ስወርድ እንባዬ መጣ።

ቀባሪስ? ቀባሪ አለኝ። እድሬ ነው። የድሮ ሰፈሬን ከለቀቅኩ በኋላም መዋጮዬን አንድ ወር አላሳለፍኩም። የአባወራው መዋጮና የኔ እኩል ነው። እድሩ ወረቀት ላይ የቤተሰብ ስም ይጻፋል። ባል፣ ልጅ፣ እናት፣ አባት፣ አማት። የኔ ላይ እናትና አባቴ ነበሩ። ሁለቱም አረፉ፤ ድንኳኑም ተተከለ፣ ሰውም አብሮኝ አደረ፤ እግዜር ይስጣቸው። አሁን ወረቀቱ ላይ የቀረሁት እኔ ነኝ። የምከፍለው ለራሴ ቀብር ብቻ ነው።

እንግዲህ ጧሪም አለ፣ ቀባሪም አለ። ሁለት ዓመት ይሆነዋል፣ ሌላ ሦስተኛ ሰው እንደሚያስፈልገኝ የገባኝ።

ጀሞ ነው የምኖረው፤ በ1997 ተመዝግቤ እጣ የወጣልኝ ስቱዲዮ ውስጥ፣ አራተኛ ፎቅ። የድሮው ሰፈር በር ክፍት ነበር። ጭስ ካልወጣ ጎረቤት ይመጣል። ኮንዶሚኒየም ላይ በር ዝግ ነው። ሰዉ ክፉ ሆኖ አይደለም። ጠዋት ይወጣል፣ ማታ ደክሞት ይገባል።

አንድ ማክሰኞ ደም ግፊቴ ተነስቶ አዞረኝና አልጋ ላይ ወደቅኩ። መብራት ጠፍቷል፣ የስልኬ ባትሪ አልቋል። ረቡዕ እንደዚያው። እስከ በሩ መሄድ አቃተኝ። ደረጃው ላይ ሰው ሲወጣ ሲወርድ ይሰማኛል፤ ጠርቼ ነበር፣ ድምፄ ግን አይወጣም። ሐሙስ ማታ በሬ ተንኳኳ። ከብሎኩ ሥር ጉልት የምትቸረችረዋ ልጅ ናት። «እትዬ፣ ሦስት ቀን ሙሉ አልወረዱም፤ ሽንኩርትም አልወሰዱ። ደህና ነዎት?»

እህቴ አልነበረችም ያወቀችው። ያስተማርኳቸው ልጆች አልነበሩም። እነሱ ይወዱኛል፤ ግን በየቀኑ አያዩኝም።

የጃፓን ፖሊስ እ.ኤ.አ. በ2024 ብቻ ከ76 ሺህ በላይ ሰዎች ቤታቸው ውስጥ ብቻቸውን ሞተው መገኘታቸውን መዝግቧል። አብዛኞቹ 65 ዓመትና ከዚያ በላይ ናቸው። ይህን ሳነብ ያ ሐሙስ ነው የታወሰኝ። የጃፓን ጡረታ ከኛ በስንት እጥፍ ይበልጣል። ታዲያ ገንዘቡ በር አያንኳኳም።

ሦስተኛውን ሰው «ጠያቂ» ብዬዋለሁ። ጧሪ፣ ቀባሪ፣ ጠያቂ።

ከዳንኩ በኋላ ሁለት የድሮ ባልደረቦቼን ጠራኋቸው። አንዷ እንደኔ ያላገባች ናት፤ አንዷ ባሏ የሞተባት። ቡና አፍላሁና እንዲህ ተስማማን። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ እያንዳንዳችን ለሌሎቹ ሚስኮል እናደርጋለን። ማንሳት የለም፣ ካርድ አይበላም። ሚስኮል ያልመጣባት ሰው ትደውላለች። ካልተነሳ፣ የቤቱ ትርፍ ቁልፍ ያለው ሰው ይሄዳል። የኔ ቁልፍ ያለው ጉልቷ ልጅ ጋ ነው። የምወስደውን መድኃኒትና የእህቴን ስልክ በትልልቅ ፊደል ጽፌ በሩ ጀርባ ለጥፌያለሁ። ልጅቷም ታውቃለች። ከዚህ ሌላ ነገር የለውም። አርብ አርብ ደግሞ በየተራ ቡና እንጠጣለን።

እናንተም ጡረታ ሊወጣ የደረሰ ላጤ ዘመድ ካላችሁ፣ ከሽኝቱ ጋቢ በፊት አንድ ነገር ጠይቁት። ከሰኞ ጀምሮ ብትቀር ማን ያውቃል? በሉት። መልስ ከሌለው እናንተ ሁኑለት። በሳምንት አንዴ ረጅም ስልክ ከማውራት በየቀኑ አንዴ ስልኩ መጮኹ ይበልጣል። ይሄን ከራሴ አይቼ ነው የምነግራችሁ።

ወንዶቹ ደግሞ የበለጠ ያሳዝኑኛል። እኛ ቢያንስ ቡና ጠጡ አለን። የሰው በር አንኳኩቶ «ቡና ደርሷል ወይ?» ማለት ለሴት አያሳፍርም። አንደኛ ፎቅ ላይ አንድ የቀድሞ መምህር አሉ። ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ቀኑን ሙሉ በረንዳ ላይ ሬዲዮ ይከፍታሉ። ሰላምታ ከሰጠኋቸው ባርኔጣቸውን ያነሳሉ፤ ከዚያ ያለፈ ቃል ተለዋውጠን አናውቅም ነበር።

ባለፈው ወር ደረጃው ላይ አስቆሙኝ። ጉልቷ ልጅ ነግራቸው ኖሯል። ዓይኔን ሳያዩ፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው እያዟዟሩ፣ «ያ የስልኩ ነገር... እንዳላስቸግራችሁ እንጂ፣ እኔንም ብትጨምሩኝ» አሉኝ። ቁጥራቸውን አስቀድመው በወረቀት ጽፈው ይዘው ነበር፤ ሬዲዮ ላይ ዜና እንደሚያነብ ሰው ቀስ ብለው አነበቡልኝ።

1 ሰዓት ላይ ነው ብያቸዋለሁ። እሳቸው 12 ተኩል ላይ ነው የሚያደርጉት። አንድ ቀን አርፍደው አያውቁም።