ጀርባውንም መርምሩት

ክቡራን የሙያ ባልደረቦቼ፣ ውድ ተመራቂ ሐኪሞች፤

ሳምንታት የቆየ፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ትኩሳት ይዞት የመጣ በሽተኛ አለ እንበል። የደሙም የሽንቱም ምርመራ የረባ ነገር አላሳየም። አንቲባዮቲክ ሲጀምር ትኩሳቱ ይበርድና ቆይቶ ያገረሻል። መድኃኒቱ በሌላ ይተካል፤ ያም በሌላ። እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ማፈራረቅ ነው።

እንዲህ ያለ ትኩሳት ሲያጋጥማችሁ የተቋጠረ መግል ጠርጥሩ። በሳንባና በደረት ግድግዳ መካከል የተጠራቀመ መግል ብዙ ሳል ላያመጣ ይችላል። በሽተኛው ይከሳል፣ ሌሊት ያልበዋል፤ አንዳንዱማ የሚያመኝ ሆዴን ነው ብሎ ሐኪሙን ወደ ሌላ አቅጣጫ ይወስደዋል። መድኃኒቱ በደም ውስጥ ቢዘዋወርም የተቋጠረውን መግል ብቻውን አያጠፋውም።

ስለዚህ በሽተኛውን ከተኛበት አስነሥታችሁ አስቀምጡት፤ ልብሱን አውልቆ ጀርባውን ይስጣችሁ። የአንድ እጃችሁን መሃል ጣት በጎድን አጥንቶቹ መካከል አሳርፉና በሌላው እጃችሁ ጣት አንኳኩበት፤ ከላይ ወደ ታች፣ ቀኙን ከግራው እያነጻጸራችሁ። አየር ያለበት ሳንባ ያስተጋባል፤ ፈሳሽ ያለበት ቦታ ግን እንደ ድንጋይ ድፍን ነው። እዚያው ላይ ማዳመጫ ስታደርጉ የትንፋሹ ድምፅ ይደክማል፤ ወይም ጨርሶ ይጠፋል። ኦስትሪያዊው ሐኪም ሊዮፖልድ አውንብሩገር ደረትን እያንኳኩ የመመርመርን ዘዴ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1761 ነው፤ ራጅ ከመገኘቱ ከ130 ዓመት በላይ አስቀድሞ። እስከ ዛሬም ኤሌክትሪክ አልጠየቀም።

ራጁ ንጹሕ ነው ብላችሁም አትዘናጉ። በሽተኛው ቆሞ ከፊት ለፊት በተነሣው ራጅ ላይ ፈሳሹ እንዲታይ 200 ሚሊ ሊትር ያህል መሆን ሊኖርበት ይችላል፤ ተኝቶ ከተነሣማ ከዚያ የበለጠውም ያመልጣል። አልትራሳውንድ ጥቂቱን ፈሳሽ ከማሳየቱም በላይ ፈሳሹን ለመቅዳት መርፌው የሚገባበትን ቦታ ይጠቁማል።

መርፌው መግል ካወጣ ክርክር የለም፤ ማፍሰሻ ቱቦ ይግባ። ከሳንባ ምች ጋር የመጣ ፈሳሽ ጠራ ያለ ቢመስልም ፒኤቹ፣ ማለትም የአሲድነት መለኪያው፣ ከ7.2 በታች ከሆነ እንደዚያው ነው። ናሙናውን ስትልኩ የባክቴሪያ ካልቸር (ባክቴሪያውን አሳድጎ የመለየት ምርመራ) ብቻ አትጠይቁ፤ የሳንባ ነቀርሳም ይመርመር። በፈሳሹ ውስጥ ሊምፎሳይት የሚባለው የነጭ ደም ሕዋስ ከበዛ፣ በማይክሮስኮፕ ተሕዋሱ አልታየም ተብሎ ነቀርሳ አይሰረዝም፤ በሳንባ ሽፋን ነቀርሳ ተሕዋሱ በማይክሮስኮፕ የሚታየው ከስንት አንዴ ነው። ፍሎሮኪኖሎን የሚባሉትን አንቲባዮቲኮች በግምት ከማዘዛችሁ በፊትም ደጋግማችሁ አስቡ፤ ነቀርሳውን ለጊዜው ጋብ አድርገው ምርመራውን ያዘገዩታል።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ። ጥያቄ ካላችሁ እቀበላለሁ።