ዲስኩ መቶ በመቶ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነው የማወራው። ርዕሱ ደረቅ ሊመስላችሁ ይችላል። ስለ ላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ ነው። ግን ታገሱኝ፣ ዞሮ ዞሮ ኪሳችን ውስጥ ይገባል።

ሰዎች «ላፕቶፔ አርጅቷል፣ አዲስ ልግዛ?» ብለው ይጠይቁኛል። እኔ ደግሞ መልሼ «ምኑ ነው የሚያስጠብቅህ?» እላለሁ። አብዛኛው ሰው እዚህ ጋ ዝም ይላል። «በቃ ቀርፋፋ ነው» ይለኛል። ሲከፈት ነው? ትልቅ የኤክሴል ፋይል ላይ ነው? ብሮውዘር ላይ ነው? ኢንተርኔቱ ከሆነ እኮ የትኛውም ውድ ላፕቶፕ አያድንህም። እዚያው ኔትወርክ ላይ፣ እዚያው ትጠብቃለህ።

ሰፈራችን አንድ የሒሳብ ባለሙያ አሉ። ጋሼ ነው የምላቸው። ለትንንሽ ድርጅቶች ሒሳብ ይሠራሉ። ፒችትሪ የሚባለው የሒሳብ ፕሮግራም፣ ኤክሴል፣ አልፎ አልፎ ኢሜይል፤ ከዚያ ያለፈ ነገር አይነኩም። ሰኔ ሲመጣ ታውቃላችሁ፣ የሒሳብ ሰው እንቅልፍ የለውም። በዚያ ወከባ መሀል ጠሩኝና «አንተ ልጅ፣ ይቺ ነገር ሞታለች፤ እስቲ ደህና ላፕቶፕ ምረጥልኝ» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ከመጣልዎ በፊት አንዴ ልያት» አልኳቸው።

ፕሮሰሰሯ የኢንቴል ስድስተኛ ትውልድ ኮር አይ ፋይቭ ነው። 8 ጊጋ ራም፣ ማለትም የከፈትነው ሥራ ለጊዜው የሚቀመጥበት፤ 500 ጊጋ ሃርድ ዲስክ። ቀፎዋ ደህና ነው፣ ማጠፊያዋ አልላላም፣ ኪቦርዷ ላይ የተነቀለ ፊደል የለም። ለሚሠሩት ሥራ ምንም አያንሳትም። ታዲያ ምን ነካት?

ኮንትሮል፣ ሺፍት፣ ኢስኬፕ ተጫንኩ። ማሽኑ በምን እንደተጠመደ የሚያሳየው የዊንዶውስ መስኮት፣ ታስክ ማናጀር፣ ብዙ አሰበና ተከፈተ። ፕሮሰሰሩ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል፤ አሥር በመቶ እንኳን አይሞላም። ራሙ ግማሽ አካባቢ ነው። ዲስክ የሚለው ዓምድ ግን 100 ላይ ተቸክሏል። አይወርድም። ከሥሩ ያለውን የንባብ ፍጥነት ሳየው ደግሞ በሰከንድ አንድ ሁለት ሜጋ ባይት ነው።

ብዙ ሰው የሚደናገረው እዚህ ላይ ነው። ዲስኩ መቶ በመቶ ተጠምዷል፣ የሠራው ሥራ ግን የአንዲት ፎቶ ያህል አይሆንም። እንዴት ይሆናል?

ይሄ ሃርድ ዲስክ ውስጡ የሚሽከረከር ሳህን አለው። በላዩ ላይ ወዲህ ወዲያ የምትል አንዲት ክንድ አለች። የላፕቶፕ ዲስክ ብዙውን ጊዜ በደቂቃ 5,400 ጊዜ ይዞራል። አንዱ ዙር 11 ሚሊ ሰከንድ አካባቢ ይፈጃል ማለት ነው። የምትፈልገው መረጃ እስኪዞር በአማካይ የዙሩን ግማሽ ትጠብቃለህ። ክንዷ እስክትደርስ ደግሞ ከአሥር ሚሊ ሰከንድ በላይ ጨምር። ተደምሮ አንዲት ቁራጭ መረጃ ለማግኘት 15 ምናምን ሚሊ ሰከንድ ይሄዳል። በሰከንድ ስንት ቁራጭ ማምጣት ይችላል? ስድሳ፣ ሰባ። በቃ። ዊንዶውስ ሲነሣ ደግሞ የሚጠይቀው በሺህ የሚቆጠሩ ትንንሽ ቁራጮችን ነው፤ አንዷ እዚህ፣ ሌላዋ እዚያ። ጸረ ቫይረሱ ይጠይቃል፣ አፕዴቱ ይጠይቃል፣ ፒችትሪ ይጠይቃል። ሁሉም ያችኑ አንዲት ክንድ ነው የሚጠብቀው።

የድሮ መዝገብ ቤት ገብታችሁ ታውቃላችሁ? ሠራተኛው ሰነፍ አይደለም፣ እንዲያውም ላቡ ጠብ እስኪል ይሮጣል። ግን አንድ ፋይል ይዞ ይመጣል፣ ይመለሳል፣ ሌላ መደርደሪያ ላይ ይወጣል። ቀኑን ሙሉ መቶ በመቶ ሥራ ላይ ነው። ጠረጴዛው ላይ የደረሰው ግን ጥቂት ፋይል ነው።

ኤስኤስዲ በሚባለው በሌላው የዲስክ ዓይነት ውስጥ ግን የሚሽከረከር ነገር የለም። ፍላሽ ሜሞሪ ነው፤ ኪሳችን ውስጥ የምንይዘው ፍላሽ የአጎቱ ልጅ በሉት። ናንድ የሚባለውን የፍላሽ ዓይነት ቶሺባ ውስጥ ይሠራ የነበረው ፉጂዮ ማሱኦካ ከባልደረቦቹ ጋር ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። አንዲት ቁራጭ መረጃ ለማምጣት የአንድ ሚሊ ሰከንድ አንድ አሥረኛ አካባቢ ይበቃዋል። ከ15 ሚሊ ሰከንድ ጋር አስተያዩት። ከመቶ ጊዜ በላይ ልዩነት አለው።

ለረጅም ጊዜ ግን ዋጋው አይቀመስም ነበር። አፕል እ.ኤ.አ. በ2008 የመጀመሪያውን ማክቡክ ኤር ሲያወጣ፣ 80 ጊጋውን የሚሽከረከር ዲስክ በ64 ጊጋ ኤስኤስዲ ለመቀየር 999 ዶላር ተጨማሪ ያስከፍል ነበር። ለ64 ጊጋ! ዛሬ ስልካችን እንኳን 64 ጊጋ ሲሆን እናጉረመርማለን።

ወደ ጋሼ ልመለስ። ዲስኳን በኤስኤስዲ ልቀይር የጀርባ ብሎኖቹን ፈታሁ። ዲስኳ ጥግ ላይ ናት፣ እንዳትነቃነቅ ጎማ የገባለት ቆርቆሮ ታቅፏታል፣ ጠፍጣፋ ስስ ገመድ ይዟታል። ገመዱን በጥፍር ቀስ ብሎ ማውጣት ነው፣ መጎተት የለም። ጉልበት ካሳያችሁት ይበጠሳል፤ ለዚያ ሞዴል ሌላ ገመድ ፍለጋ ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። አዲሱ ኤስኤስዲ ልኩ ያው ነው፣ ክብደቱ ግን የለም። ጋሼ በእጃቸው መዘን መዘን አደረጉትና «ውስጡ ባዶ ነው እንዴ?» አሉ። እውነታቸውን ነው፣ ርካሾቹን ከፍታችሁ ካያችሁ ግማሹ አየር ነው።

አሮጌውን ዲስክ እንዳለ ክሎን አደረግነው። ፒችትሪውም፣ የደንበኞቻቸው ፋይልም፣ ዴስክቶፑ ላይ ያለው ዝርክርክም እንዳለ ተሻገረ። አሮጌዋ በዩኤስቢ ማቀፊያ ገብታ ባክአፕ ሆነች። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ማሰማት ከጀመረ ክሎን ልታደርጉ አትነሡ። መጀመሪያ ዋና ዋና ፋይሎቻችሁን ገልብጡ። ረጅሙን ሥራ ሳይጨርስ ሊሞትባችሁ ይችላል።

ውጤቱ? ድሮ ከፍተዋት ጋዜጣ ያነቡ ነበር። አሁን መነፅራቸውን ሳያደርጉ ትነሣለች። ሌላ ምንም አልነካንም። ያው ፕሮሰሰር፣ ያው ራም ነው።

አሁን እኔን ወደሚያናድደኝ ነገር ልግባ። ከሃርድ ዲስክ ወደ ኤስኤስዲ መሻገር ትልቅ ዝላይ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ግን አብዛኛው ቁጥር ነው። ሳታ የሚባለው መደበኛ ኤስኤስዲ በሰከንድ 550 ሜጋ ባይት አካባቢ ያነባል። ኤንቪኤምኢ የሚባለው፣ እንደ ማስቲካ ቀጭኑ፣ በሦስተኛው ትውልድ 3,500 ደረሰ፤ በአራተኛው 7,000፤ በአምስተኛው 14,000 አካባቢ። ካርቶኑ ላይ በትልቁ ይጻፋል። ሻጩም እሱን ይጠራላችኋል።

ግን ያ ቁጥር የሚሠራው ትልቅ ፋይል በአንድ መስመር ሲነበብ ነው። እኔና እናንተ ቀኑን ሙሉ የምናደርገው ደግሞ ሌላ ነው፤ የተበታተኑ ትንንሽ ቁራጮችን ነው የምንጠይቀው። እዚያ ላይ ተራው ሳታ በሰከንድ 30 ወይም 40 ሜጋ ባይት ያመጣል። ውዱ ኤንቪኤምኢ እጥፍ ያህል፣ ቢበዛ ትንሽ አለፍ ይላል። ካርቶኑ አሥር እጥፍ ቃል ገብቷል፣ እጃችሁ ላይ የደረሰው ሁለት እጥፍ ነው። ያውም ሁለት እጥፉን ዎርድ ስትከፍቱ አትለዩትም።

እ.ኤ.አ. በ2022 የሆነውን የሚያስታውስ አለ? አፕል ኤም 2 የሚባለውን የራሱን ፕሮሰሰር የያዘ ማክቡክ ኤር አወጣ። የ256 ጊጋው ሞዴል ማከማቻ ከቀዳሚው ከኤም 1 ያነሰ ፍጥነት ይዞ መጣ፣ በግማሽ ያህል። ምክንያቱም በሁለት ቺፕ ፈንታ አንድ ቺፕ ብቻ ነበር የተገጠመለት። ሁለት ቺፕ ሲሆን ሥራውን እኩል ተካፍለው ያነባሉ፤ አንድ ሲሆን ብቻውን ነው። ዩቲዩብ ላይ ቁጣው ሌላ ነበር። ቁጣው ተገቢ ነው፣ አዲስ ዕቃ ከአሮጌው ማነስ የለበትም። ግን ኢሜይልና ብሮውዘር ብቻ የሚጠቀም ሰው ሳይነገረው ያወቀ አይመስለኝም። የሚታወቀው ራሙ ሞልቶ ማሽኑ ወደ ዲስክ መገልበጥ ሲጀምር ነው። አፕል እ.ኤ.አ. በ2024ቱ ኤም 3 ወደ ሁለት ቺፕ ተመለሰ።

ፈጣኑ ዲስክ ለማን ይጠቅማል? ለቪዲዮ ሰው። ሰርግ የሚቀርፅ ጓደኛ አለኝ፤ ቅዳሜና እሑድ ሠርቶ ሲመጣ 200 ጊጋ ይዞ ነው። በሳታ ዲስክ 200 ጊጋ መገልበጥ ሰባት ደቂቃ ገደማ ነው፤ በፈጣኑ ከደቂቃ በታች። ጥሩ ይመስላል አይደል? ችግሩ ፋይሉ የሚመጣው ከካሜራው ካርድ ነው። ብዙዎቹ ተራ ኤስዲ ካርዶች በሰከንድ 100 ሜጋ ባይት አካባቢ ናቸው። እንግዲህ ዲስክህ 7,000 ይሁን 14,000፣ ካርዱ እስኪሰጥህ ከግማሽ ሰዓት በላይ ትቀመጣለህ። እሱ መጀመሪያ የሚያስፈልገው የተሻለ ካርድና የተሻለ ማንበቢያ ነው። ዲስኩ ተራው ኋላ ነው።

ገበያ ላይ ስትወጡ ሁለት ነገር። ቀጭኖቹ ዲስኮች ኤም ዶት ቱ ይባላሉ፣ መልካቸው ይመሳሰላል፣ ግን ሁለት ዓይነት ናቸው። የወርቅማው ጫፍ ላይ ያለውን ቁርጥ እዩ። አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ቁርጥ ያለው ሳታ ነው፣ አንድ ቁርጥ ያለው ኤንቪኤምኢ ነው። አንዳንድ የቆዩ ላፕቶፖች ሳታውን ብቻ ነው የሚቀበሉት። ላፕቶፑን ይዛችሁ ሂዱ፣ እዚያው ይገጠምና እዚያው ይታይ። ሁለተኛው፣ ዋጋው ከሁሉም ሱቅ በጣም የወረደ የሁለት ቴራ ባይት ዲስክ ካያችሁ ተዉት። የሚይዘውን መጠን ዋሽቶ የሚያሳይ ዲስክ አለ። እስኪሞላ ፋይል ካልገለበጣችሁበት፣ መልሳችሁም ካልከፈታችሁት ውሸቱ አይወጣም።

ታዲያ መቼ ነው ጠቅላላ ላፕቶፑ የሚቀየረው? ታስክ ማናጀር ላይ ፕሮሰሰሩ ራሱ መቶ ላይ የሚቸከል ከሆነ ዲስክ አያድናችሁም። ራሙ 4 ጊጋ ሆኖ ቦርዱ ላይ የተበየደ ከሆነም እንዲሁ። ማጠፊያው ተሰብሮ፣ ባትሪው ወድቆ፣ ስክሪኑ መስመር አውጥቶ ከሆነ ደምሩት። ጥገናው ከአዲሱ ግማሽ ካለፈ እኔ አልጠግንም። ይሄ የራሴ ልክ ነው፣ ሕግ አይደለም።

አሁን ደግሞ የዊንዶውስ ነገር አለ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል በኩል በመሠረቱ ስምንተኛ ትውልድና ከዚያ በላይ ነው የሚፈልገው። የጋሼ ላፕቶፕ ስድስተኛ ናት። ይሄንን አልደበቅኳቸውም። «ጋሼ፣ ትሮጥልዎታለች፣ ግን የደህንነት አፕዴቱ ነገር አለ» አልኳቸው። የደንበኛ ሒሳብ የያዘ ማሽን ነው፣ ቀልድ አይደለም። ለአሁኑ የተራዘመውን የደህንነት አፕዴት አስመዘገብንላት። እሱም ቢሆን ማብቂያ ቀን አለው። ያ ቀን ሲመጣ ይገዛሉ፤ ኤስኤስዲዋን ግን አውጥተን ሌላ ቦታ እንጠቀምባታለን። ገንዘቡ አልባከነም።

ጊዜ መግዛት ብቻውን ዋጋ አለው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ በሳምንታት ውስጥ ዶላር በባንክ ከ57 ብር አካባቢ መቶን ሲያልፍ አይተናል። ላፕቶፕ ደግሞ በዶላር ነው የሚገባው። በዚያ ላይ እ.ኤ.አ. ከ2025 መጨረሻ ጀምሮ የራምና የፍላሽ ዋጋ በዓለም ገበያ ጨምሯል፤ የኤአይ ዳታ ሴንተሮች እየጠራረጉት ነው። የራምና የፍላሽ አምራቹ ማይክሮን በዚያው ዲሴምበር ክሩሻል በሚለው ስም ለተራው ሸማች መሸጡን እንደሚያቆም አስታወቀ። ስለዚህ «ትንሽ ልቆይ፣ ይረክሳል» የሚለው የድሮ ዘዴ ለዲስክ አሁን አይሠራም። ዲስኩ 100 ላይ የተቸከለባችሁ ካላችሁ፣ እሱን ለነገ አታሳድሩት። አዲስ ላፕቶፕ መግዛቱ ግን ይቆይ።

«ኤስኤስዲ ቶሎ ያልቃል» የሚሉም አሉ። ብዙ የ500 ጊጋ ዲስኮች 300 ቴራ ባይት እስኪጻፍባቸው ዋስትና አላቸው። ለአምስት ዓመት ብታካፍሉት በቀን 160 ጊጋ ያህል ነው። የጋሼ ማሽን በቀን ያንን ያህል የሚጽፍ አይመስለኝም። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፤ ኤስኤስዲ ሲሞት ብዙ ጊዜ ሳያስጠነቅቅ ነው፣ ቀጭ ቀጭ የለም። ትናንት ነበረ፣ ዛሬ ማሽኑ ጭራሽ አያየውም። ለዚህ ነው አሮጌዋን ዲስክ ባክአፕ ያደረግናት። ጋሼ ዓርብ ዓርብ ይገለብጡባታል፤ እስካሁን አልዘለሉም።

እኔ ራሴ? የእኔ ማሽን ሦስተኛ ትውልድ ኤንቪኤምኢ ነው ያለው። ይሄን ፖድካስት ኤዲት ሳደርግ ታስክ ማናጀሩን ከፍቼ አያለሁ፤ ዲስኩ ተኝቷል፣ የሚሞላው ራሙ ነው። አንድ የራም መግቢያ ባዶ አለኝ። እሱን ነው የምሞላው፣ ዋጋው ቢያናድድም። በሚቀጥለው ክፍል እንግዳ ይኖረኛል። የእናንተ ታስክ ማናጀር ላይ የትኛው እንደሚሞላ ጻፉልኝ። ቻው።