400 ዩሮ በቀን፦ ኮከብ ግብር ሲሰውር ፍርድ ይቀልለታል?

ዳዊት፦ ጤና ይስጥልን አድማጮቻችን። እኔ ዳዊት ነኝ፣ አጠገቤ ሂሩት አለች፣ ያለነው ጎንደር ፒያሳ ነው። ዝናቡ ቆርቆሮውን እየመታው ስለሆነ ድምፁ ከገባባችሁ ታገሱን። የዛሬውን ጉዳይ ያመጣሁት አዘዞ ካለ አንድ ዲኤስቲቪ ቤት ነው። ባለፈው እሁድ ጨዋታው ለዕረፍት ሲወጣ አንድ የባርሳና አንድ የማድሪድ ደጋፊ በሜሲና በሮናልዶ ተያያዙ። «የእናንተ ሰውዬ የስፔንን ግብር አጭበርብሯል»፣ «የእናንተስ ከነአባቱ አልተፈረደበትም?» ይባባላሉ። ከኋላ የተቀመጡ አንድ አባት ዝም ብለው ሲሰሙ ቆዩና «ልጆቼ፣ ለመሆኑ ከሁለቱ የታሰረ አለ?» አሉ። የሚመልስላቸው ጠፋ።

ሂሩት፦ የታሰረ የለም። ሁለቱም ግን ጥፋተኛ ተብለው የእስራት ፍርድ ተላልፎባቸዋል።

ዳዊት፦ እኔን የሚያበግነኝም እሱ ነው፣ ተፈርዶበት አለመታሰር። ሀብታምና ዝነኛ ከሆንክ ዳኛውም ይሳሳልሃል የምለው ለዚህ ነው።

ሂሩት፦ ዳኛው ላይ ከመድረሳችን በፊት የሆነውን እንየው። ከሜሲ እንጀምር። ባርሴሎና ያለ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በጁላይ 2016 በሜሲና በአባቱ በሆርሄ ላይ የ21 ወር እስራት ፈረደ። ክሱ የ2007፣ የ2008 እና የ2009 ገቢ ነው። ከምስል መብት የመጣውን ገንዘብ ቤሊዝና ኡራጓይ ባሉ ኩባንያዎች በኩል በማሳለፍ 4.1 ሚሊዮን ዩሮ ግብር ሳይከፈል ቀርቷል ተባለ።

ዳዊት፦ የምስል መብት ስንል ፊቱንና ስሙን ለማስታወቂያ ሲያከራይ የሚያገኘው ማለት ነው አይደል?

ሂሩት፦ አዎ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የነገሩ ሥር ያለው እዚህ ነው። ደሞዝ መደበቅ ይከብዳል። ክለቡ ቆርጦ ነው የሚሰጠው። እኛስ ጋ? ማራኪ ሰፈር የሚያስተምር መምህር ግብሩ ተቆርጦ የተረፈው ነው ባንክ የሚገባለት። ሊሰውር ቢፈልግ እንኳ የሚሰውረው የለውም። የምስል መብት ግን ወረቀት ነው፤ ለአንድ ኩባንያ ሸጥኩት ብለህ ትፈርማለህ፣ ኩባንያው ግብር በማይከፈልበት አገር ይመዘገባል፣ ከዚያ በኋላ ገንዘቡን የሚቀበለው ኩባንያው ነው፣ አንተ የለህበትም። ይሄን የሚሠሩ አማካሪዎች አሉ፣ በደንብ ይከፈላቸዋል። ሮናልዶም የተከሰሰው በዚሁ በምስል መብት ገቢ ነው።

ዳዊት፦ ሜሲ ግን «እኔ ኳስ ነው የምጫወተው፣ የፈረምኩትን አላውቅም» ብሎ ነበር።

ሂሩት፦ ብሏል። ፍርድ ቤቱ አልተቀበለውም። ማወቅ እየቻለና እየተገባው ላለማወቅ የመረጠ ሰው አላወቅሁም ብሎ አይድንም ነው ያለው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2017 ይህንኑ አጸና። አሁን ላንተ ክርክር የሚጠቅም ነገር ልስጥህ። ዐቃቤ ሕጉ ልጁ ነፃ ይውጣ፣ ጥፋቱ የአባቱ ነው ብሎ ነበር የተከራከረው። ሜሲ ይቀጣ ብሎ የቆመው የግብር ባለሥልጣኑን የወከለው የመንግሥት ጠበቃ ነው።

ዳዊት፦ ይኸው! ከሳሹ ራሱ ሲሳሳለት።

ሂሩት፦ ከሳሹ ሳሳ፣ ፍርድ ቤቱ ግን ፈረደ። ሮናልዶንም እይ። በጃንዋሪ 2019 ማድሪድ ችሎት ሲቀርብ ከጋዜጠኞች ለመሸሽ በመኪና በምድር ቤቱ በር ልግባ ብሎ ጠይቆ ተከለከለ። እንደማንኛውም ሰው በዋናው በር ገባ። 23 ወር እስራትና ወደ 18.8 ሚሊዮን ዩሮ ክፍያ ተወሰነበት። በሩን እንኳ አልለወጡለትም።

ዳዊት፦ በበሩ ገብቶ በበሩ ወጣ እኮ! 23 ወር ተፈርዶበት ማታ ቤቱ ነው ያደረው።

ሂሩት፦ አሁን ወደ ቁልፉ መጣን። በስፔን ሕግ አንድ ሰው ቀድሞ ጥፋት ከሌለበትና ቅጣቱ ከ2 ዓመት ካልበለጠ ዳኛው ቅጣቱን ሊገድብለት ይችላል። እኛ ፍርድ ቤት «በገደብ ተለቀቀ» እንደምንለው። ይሄ ለኳስ ተጫዋች ተብሎ የወጣ አይደለም፣ ለሁሉም ነው።

ዳዊት፦ እሺ፣ 21 ወር፣ 23 ወር። የሳሙኤል ኤቶም በ2022 22 ወር ነበር። ሁሉም ከ24 በታች መሆኑ እንዲያው በአጋጣሚ ነው?

ሂሩት፦ አይደለም። ከመስመሩ በታች የሚያወርዳቸው ክፍያው ነው። የተጓደለውን ግብር ከፍርድ በፊት ከከፈልክ ቅጣት ማቅለያ ይሆንልሃል። ሜሲና አባቱ በ2013፣ ገና ክርክሩ ሳይጀመር፣ 5 ሚሊዮን ዩሮ ገቢ አድርገዋል። ለእያንዳንዱ ዓመት 7 ወር፣ ሦስቴ ሰባት 21 ወር የመጣው እንደዚያ ነው። ሮናልዶ ደግሞ ከዐቃቤ ሕግ ጋር ተስማምቶ፣ ጥፋቱን አምኖ፣ ገንዘቡን ከፍሎ ነው ችሎት የቀረበው። እንግዲህ 5 ሚሊዮን ዩሮ በአንድ ጊዜ አውጥቶ የሚከፍል ማነው? ያለው ነው። የሌለው ሰው ያው ጥፋት ቢኖርበት፣ ገንዘቡን በልቶት፣ ንግዱ ከስሮ፣ ባዶ እጁን ይቀርባል። ማቅለያው ለሁለቱም ተጽፏል፣ የሚደርስበት ግን አንዱ ብቻ ነው።

ዳዊት፦ እንግዲያው ከእኔ ጋር ተስማማሽ ማለት ነው።

ሂሩት፦ በግማሽ። ፍርዱ የሚቀለው ለእግሩ ሳይሆን ለገንዘቡ ነው። አዘዞ ያሉት ልጆች «ሜሲ ስለሆነ ነው» ይላሉ፤ ስሙን ማንም የማያውቀው የስፔን ሕንፃ ተቋራጭ በሜሲ ቦታ ቢቀርብና 5 ሚሊዮን ቢያስገባ በዚሁ ሕግ ይስተናገድ ነበር። ልዩነቱ እሱን ጋዜጣ አያወጣውም። በነገራችን ላይ ሜሲ በመጨረሻ ገደቡንም አላስፈለገውም። በጁላይ 2017 እስራቱ ወደ ገንዘብ ተለወጠለት፤ ለእያንዳንዱ ቀን 400 ዩሮ።

ዳዊት፦ በቀን 400?

ሂሩት፦ 21 ወር በ30 ቀን 630 ቀን ነው። 630 በ400 ስታባዛው 252,000 ዩሮ። የአባቱ በይግባኝ ወደ 15 ወር ወርዶ ስለነበር 180,000 ሆነ።

ዳዊት፦ ለሜሲ ይሄ የአንድ ሳምንት ደሞዙ እንኳ አይሞላም! ሂሩት፣ ይሄ እኮ የሰው ነፃነት ነው። አንድ ዓመት ከዘጠኝ ወር በአንድ ሳምንት ደሞዝ ይገዛል?

ሂሩት፦ እኔም ያላረፍኩበት ቦታ ይሄ ነው። አንድ ነገር ግን ጨምርበት። የስፔን የወንጀል ሕግ ለእንዲህ ያለ የቀን መቀጮ ያስቀመጠው ትንሹ 2 ዩሮ፣ ትልቁ 400 ዩሮ ነው። ሜሲ ላይ የተጣለው ጣሪያው ነው። ዳኛው 4,000 ልበል ቢል እንኳ የሚልበት ሕግ የለውም። ለዚህ ነው ዳኛውን አትኮንን የምልህ። ኮናኝ ከሆንን ጣሪያውን እንኮንን። ከ2 ዩሮ ሲጀምር ለደሃ አስቦ ነው፣ 400 ላይ ሲያቆም ግን የሜሲን ዓይነት ገቢ ያለው ሰው ይመጣል ብሎ አላሰበም።

ዳዊት፦ ሌላ አገርም እንዲህ ነው?

ሂሩት፦ የባየርን ሙኒኩን ኡሊ ሆነስን ታስታውሳለህ?

ዳዊት፦ የቀድሞ ፕሬዝዳንቱን?

ሂሩት፦ እሱን። በተጫዋችነቱ በ1974 የዓለም ዋንጫ የበላ፣ ባየርንን ዛሬ ያለበት ያደረሰ ሰው። ጀርመን ውስጥ ከእሱ የበለጠ ስም ያለው የኳስ ሰው ብዙ አይደለም። ስዊዘርላንድ ባንክ በምስጢር ሒሳብ ከፍቶ በአክሲዮንና በውጭ ምንዛሪ ይነግድ ነበር። በጃንዋሪ 2013 ሊደርሱብኝ ነው ብሎ ራሱ ሄዶ አመለከተ። ጀርመን ውስጥ ቀድሞ ራሱን ያጋለጠ ሰው ከክስ ይድናል፣ ግን ማመልከቻው የተሟላ መሆን አለበት። የእሱ ጎደሎ ነበር። ክሱ ሲከፈት የተሰወረው ግብር 3.5 ሚሊዮን ዩሮ ነበር የተባለው። ችሎቱ በተጀመረበት ቀን ራሱ ከዚያ ሌላ 15 ሚሊዮን አለ ብሎ ተናገረ። በነጋታው የግብር ሠራተኛዋ መጥታ ከ27 ሚሊዮን በላይ ነው ብላ አሰላችው። በመጨረሻ 28.5 ሚሊዮን ላይ ቆመ።

ዳዊት፦ ይሄስ በገደብ አለፈ?

ሂሩት፦ አላለፈም። በማርች 2014 ሦስት ዓመት ተኩል ተፈረደበት። ይግባኝ አልልም አለ፣ ከፕሬዝዳንትነቱ ለቀቀ፣ በጁን ላንድስበርግ ወህኒ ገባ። ከግማሽ ዓመት በኋላ ቀን ቀን እየወጣ እንዲሠራ ተፈቀደለት፣ በፌብሩዋሪ 2016 ተፈታ። ግማሹን ጊዜ ጨርሷል ማለት ነው።

ዳዊት፦ እሱም ከፍሏል፣ እሱም ዝነኛ ነው። ታዲያ ምን ለየው?

ሂሩት፦ የጀርመን ከፍተኛው ፍርድ ቤት በ2008 አንድ መስመር አሰመረ። የተሰወረው ግብር ከ1 ሚሊዮን ዩሮ ካለፈ፣ በጣም ልዩ የሆነ የማቅለያ ምክንያት ካልተገኘ በስተቀር፣ ቅጣቱ ተገድቦ ሰውየው ወደ ቤቱ አይሄድም አለ። መስመሩ ከተሰመረ በኋላ ዳኛው ዋንጫ አይቆጥርም። ከዚያ በፊት በ2002 የቴኒስ ተጫዋቹ ቦሪስ ቤከር በግብር ሁለት ዓመት ተፈርዶበት በገደብ ነው የወጣው፤ ያኔ መስመሩ ገና አልተሰመረም ነበር።

ዳዊት፦ እንግሊዝም የፈረስ ጋላቢው ሌስተር ፒጎት በ1987 ሦስት ዓመት ተፈርዶበት አንድ ዓመት ከአንድ ቀን ታስሯል። የንግሥቲቱን ኒሻንም ነጥቀውታል።

ሂሩት፦ ስለዚህ ዝና ብቻውን አያድንም። አሁን ደግሞ ሰው የሚረሳውን ልጥቀስ፣ ዣቢ አሎንሶን። እሱም ማድሪድ ሲጫወት በነበረው የምስል መብት ተከሰሰ፣ ዐቃቤ ሕጉ አምስት ዓመት እስራት ጠየቀበት። ብዙዎች ተስማምተው፣ ጥፋታቸውን አምነው ሲወጡ እሱ የሠራሁት በሕግ ነው ብሎ እምቢ አለ። በኖቬምበር 2019 ነፃ ተባለ። ከዚያም ቢሆን ክርክሩ ዓመታት ፈጅቷል። እኔ እሱን ሳስብ የሚከብደኝ፣ ስምምነቱ ጥፋተኛውን ብቻ ሳይሆን ንፁሑንም ሊያስፈርም የሚችል መሆኑ ነው። አምስት ዓመት እስር ፊትህ ተደቅኖ «እመንና ክፈል፣ ቤትህ ትገባለህ» ስትባል ስንቱ ይቆማል?

ዳዊት፦ ይሄን አላሰብኩትም ነበር። እስቲ ወደ ቤታችን እንምጣ። አክስቴ ቅዳሜ ገበያ ትንሽ ሱቅ አላት። አንድ ሐምሌ ታማ ተኝታ የግብር ማሳወቂያ ቀኑ አለፈባት። ቅጣቱን ከነወለዱ ከፈለች። የሐኪም ወረቀት ይዛ ብትሄድም የሰማት የለም። ለዚያ ብላ ሸቀጥ ሳትሞላ ከረመች። «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ትላለች እስከ ዛሬ።

ሂሩት፦ ትክክል ናቸው። የሚያንገበግበው መክፈሉ ሳይሆን ሳይደመጡ መክፈሉ ነው። እኔ የነጋዴ ሒሳብ ስሠራ የማየው ይሄን ነው። ሕጋችን እኮ ቀላል አይደለም፤ በ2008 ዓ.ም የወጣው የፌዴራሉ የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983 ግብር ለመሰወር ብሎ ገቢውን የደበቀን ሰው ከ3 እስከ 5 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል ይላል። ምሕረትም አይተናል። በ2012 ዓ.ም በኮሮና ጊዜ መንግሥት እስከ 2007 ዓ.ም የነበረውን የግብር ዕዳ ሰርዟል፣ ከዚያ በኋላ ለነበሩት ዓመታት ደግሞ ወለድና ቅጣት አንስቷል። ያ ምሕረት በይፋ የተነገረ፣ ለትልቁም ለትንሹም የተከፈተ ስለነበር ማንም ለማን ተደረገ አላለም።

ዳዊት፦ ለአክስቴ የሜሲን ነገር ነግሬያት ነበር። መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ገንዘቡ ተመለሰ?» ብላ ነው።

ሂሩት፦ ተመልሷል በላቸው። ሜሲም ሮናልዶም የተጓደለውን ከነመቀጮው ገቢ አድርገዋል። ለሕዝብ ካዝና ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም።

ዳዊት፦ «እንግዲያ ምን ቀረበት?» ነው ያለችኝ። እኔ የምለው አጣሁ።

ሂሩት፦ እሳቸው ያን ሐምሌ የከፈሉት ቅጣት ሱቃቸውን ባዶ አድርጎታል። 252,000 ዩሮ ሜሲ ቤት ያጎደለው ነገር የለም። እንደ ፊንላንድ የቀን መቀጮውን በገቢ የሚለኩ አገሮች አሉ፤ እዚያ ደሞዝህ ሲያድግ የአንድ ቀንህም ዋጋ አብሮ ያድጋል። ስፔን 400 ላይ ባትቆም ኖሮ የአክስትህና የሜሲ ሂሳብ አንድ ሚዛን ላይ ይቀመጥ ነበር። እሁድ አዘዞ ስትሄድ ለእኚያ አባትም ይሄንኑ ንገራቸው።

ዳዊት፦ እነግራቸዋለሁ። የሆነስንም ጨምሬ።