ማንም ሳይሞት፣ ማንም ሳያገባ

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ፣ እንደምን ከረማችሁ? ሦስት ሳምንት ጠፋሁባችሁ፣ ይቅርታ። መንገድ ላይ ነበርኩ። እኔና ባለቤቴ እረፍት ወስደን፣ መኪናችንን አስነስተን ዘመድና ጓደኛ ጥየቃ ወጥተን ነው የከረምነው። 11 ቀን፣ 6 ቤት፣ ወደ 2,300 ኪሎ ሜትር። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ድምፄም ሻክሯል፣ ታገሱኝ።

ሐሳቡ የመጣው ባለፈው ዓመት የአጎቴ ለቅሶ ላይ ነው። ከአንዲት ዘመዴ ጋር ቆመን ስናወራ፣ «እኛ እኮ የምንገናኘው ወይ ለሰርግ ወይ ለለቅሶ ነው» አለችኝ። ሁሉም የሚለው ነገር ነው፣ እኔም ብዬው አውቃለሁ። ያን ቀን ግን አንጀቴ ድረስ ገባ። አጎቴ በዚያ ዓመት ብቻ ሦስት ጊዜ ደውሎ «መቼ ነው የምትመጡት?» ብሎኝ ነበር። ሦስቱንም ጊዜ «በቅርቡ» ነው ያልኩት። ሥራ አለ፣ መንገዱ ሩቅ ነው፣ ምን የማይባል ነገር አለ። ሲሞት ግን በማግስቱ ደረስኩ። ልቀብረው ፈቃድ አገኘሁ፣ በሕይወት ሳለ ልጠይቀው ግን አላገኘሁም። ማታ ይሄን ለባለቤቴ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሲሰማኝ ቆየና፣ «በጋው ይግባና እንሂድ። ማንም ሳይሞት፣ ማንም ሳያገባ» አለኝ። እንደዚያው አደረግን።

መጀመሪያ አማቴ ጋ ሄድን። ባሌን ለ14 ዓመት አውቀዋለሁ፣ እናቱ ቤት ሲገባ የሚሆነውን ግን ባየሁ ቁጥር ይገርመኛል። ትከሻው ይወርዳል። አነጋገሩ ይለወጣል። የሚቀመጥበት የታወቀ ጥግ አለው፣ ማንም ሳያሳየው እዚያ ሄዶ ይቀመጣል። እሳቸው ደግሞ እያለፉ ራሱን ዳበስ ያደርጉታል፣ ለኔ እያወሩ፣ እሱን ሳያዩት።

በማግስቱ ጠዋት ከምንም በላይ የማስታውሰውን ነገር አየሁ። ገና አልነጋም ነበር። በመስኮት ስመለከት አማቴ በመኪናችን ዙሪያ ቀስ እያሉ ይዞራሉ። ጎንበስ ይሉና በመዳፋቸው ጎማውን ይጫኑታል፣ ትንሽ ይቆያሉ፣ ወደሚቀጥለው ይሄዳሉ። አራቱንም እንደዚያ አደረጉ። ባለቤቴን ቀስቅሼ አሳየሁት። አይቶ ብዙ አልተናገረም። አባቱ ዕድሜ ልካቸውን የከባድ መኪና ሹፌር ነበሩ፣ ከቤት ሲወጡ ሁልጊዜ እንደዚያ ያደርጉ ነበር። እሳቸው ካረፉ በኋላ ደግሞ እናቱ ልጆቻቸው ሊሄዱ ሲሉ ያደርጉታል። «የኋላው የቀኙ ልል ነው» አሉን። ባለቤቴ በመለኪያ ለካው፣ እውነትም ነፋሱ ቀንሷል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል፣ ለመንገደኛ ይጠቅማል። የጎማ ነፋስ የሚለካው እንዲህ በማለዳ፣ መኪናው ሳይነዳ፣ ጎማው ቀዝቅዞ እያለ ነው። ከተነዳ በኋላ ውስጡ ያለው አየር ስለሚሞቅ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ይታያል፣ የጎደለው የሞላ ይመስላችኋል። ትክክለኛው ልክ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሹፌሩ በር ሲከፈት በሚታየው ወረቀት ላይ ተጽፏል። ጎማው ራሱ ላይ የታተመው ቁጥር ጎማው ሊሸከም የሚችለው የመጨረሻው ነው፣ የሚሞላው ልክ አይደለም። እኔ ይሄን ለዓመታት አላውቅም ነበር።

መንገዱ ራሱ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ቤት ውስጥ እኔና ባለቤቴ እናወራለን፣ ግን አንዳችን እያበሰልን፣ አንዳችን ስልክ እያየን፣ ግማሽ ጆሮ ሰጥተን። ጋቢና ውስጥ ጎን ለጎን ስትቀመጡ ሁለታችሁም ወደፊት ነው የምታዩት። ፊት ለፊት ተፋጦ የማይወጣ ወሬ እዚያ ይወጣል። እኔ ስልክ ላይ ካነበብኩ ወዲያው ያቅለሸልሸኛል። ዓይን የሚያየው ፊደል ቆሞ፣ የውስጥ ጆሮ ደግሞ እንቅስቃሴ እየተሰማው አንጎል ሲምታታበት የሚመጣ ነገር ነው። እናም ስልኬ ቦርሳ ውስጥ ገባ። በሦስተኛው ቀን ባለቤቴ ስለ አባቱ የመጨረሻ ወር ነገረኝ። ሆስፒታል ሊያድር ተራው ደርሶ ስለደከመው ወንድሙን የላከበትን ሌሊት። 14 ዓመት አብረን ኖረን ይሄን ሰምቼ አላውቅም። እሱ ዓይኑን ከመንገዱ አልነቀለም፣ እኔም ምንም አላልኩም። እጄን ትከሻው ላይ አድርጌ ብዙ ኪሎ ሜትር ሄድን።

ሁሉ ነገር ደግሞ እንዲህ አማረ እንዳይመስላችሁ። በአራተኛው ቀን ልንሞት ነበር። የዋዛ አነጋገር አይደለም። ለ9 ዓመት ያላየናት ጓደኛዬ ቤት ነበርን። ወሬው አላልቅ ብሎ ሌሊት 8 ሰዓት ተኛን፣ ማልደን ደግሞ ተነሳን። ከሰዓት 9 ሰዓት ገደማ፣ ፀሐዩ በመስታወት እየገባ፣ መንገዱ ቀጥ ያለ፣ መኪናው ጸጥ ያለ፣ ባለቤቴ እየነዳ ነው። ጎማው የአስፋልቱን ጠርዝ ለቆ ጠጠር ላይ ሲወጣ ድምፁን ሰማሁ። ዞር ስል ዓይኑ ተከድኗል። ስሙን ጮኼ ጠራሁት፣ ባነነና መሪውን መለሰው። ጉልበቴ ሲንቀጠቀጥ ይታየኝ ነበር።

ቆመን ወረድን። ለረጅም ጊዜ ማናችንም አልተናገርንም። በኋላ ያሰላሁትን ልንገራችሁ። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 28 ሜትር ገደማ ይሄዳል። ለአራት ሰከንድ ብቻ ዓይን ቢከደን ከ110 ሜትር በላይ ያለ ሹፌር ትሄዳላችሁ። ሰውነታችን ደግሞ ከሰዓት በኋላ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ በተፈጥሮው ይዝላል፣ ሌሊቱን ያልተኛ ሰው ላይ ይብሳል። እ.ኤ.አ. በ1997 ሁለት የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች፣ ዳውሰንና ሪድ፣ 17 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው ቅልጥፍናው በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው እኩል እንደሚሆን አሳይተዋል። ጠጥቶ መሪ የሚይዝን ሰው እንኮንናለን። እንቅልፍ እያንገላጀጀው የሚነዳውን ግን «ጀግና፣ ባንድ ትንፋሽ ደረሰ» እንላለን። እባካችሁ ይሄን እንተው። መስኮት መክፈትም ሙዚቃ ከፍ ማድረግም እንቅልፍን አያባርርም። መፍትሔው መተኛት ነው። ቡናም ቢሆን ሥራውን ለመጀመር ግማሽ ሰዓት ገደማ ይፈልጋል፣ ስለዚህ ጠጥታችሁ 20 ደቂቃ ብትተኙ ስትነቁ አብሮ ይደርስላችኋል። ከዚያ ቀን በኋላ በየሁለት ሰዓቱ ቆመን መሪ እንቀያየር ነበር። የሚያንቀላፋው ሳይሆን አጠገቡ ያለው «አሁን ቁም» ካለ፣ ያለ ክርክር ይቆማል። ስምምነታችን ይሄ ነው።

ከስድስቱ ቤት አንዱ አልተሳካም፣ እሱንም አልደብቃችሁም። የባለቤቴ የልጅነት ጓደኛ ነው። ተቃቅፈው ተላቀሱ ማለት ይቻላል፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ግን የሚያወሩት አለቀ። ሰውየው ስልኩን ያያል፣ ባለቤቴ ግድግዳውን ያያል። ማልደን ወጣን። ባለቤቴ አዝኖ ነበር፣ ግን «ባልመጣ ኖሮ ዕድሜዬን ሙሉ እናፍቀው ነበር» አለኝ። ያን ማወቁም ራሱ ለመሄድ ይበቃ ነበር፣ እኔ እንደሚመስለኝ።

አንድ የማንስማማበት ነገር ነበረን። የመነሻ ሰዓት። እሱ «12 ሰዓት» ካለ 12 ሰዓት ነው፣ ሞተር ያሞቃል፣ ቁልፉን ያንቃጭላል። እኔ በር ላይ ቆሜ ሌላ ወሬ የምጀምር ሰው ነኝ። ዋናው ወሬ የሚወጣው በር ላይ ነው። ሰው «ደህና ሁኑ» ሲባል ነው ሕመሙን፣ የልጁን ነገር፣ የከበደውን የሚናገረው። በዚህ በየቤቱ ተጨቃጨቅን። እያንዳንዱን ሽኝት እያየሁ የሚከፋኝም በዚሁ ነበር።

መጨረሻ የሄድነው አክስቴ ጋ ነው። ልጅ ሆኜ ያሳደገችኝ እሷ ናት። አሁን ትረሳለች። ስንገባ ደስ ብሏት አለቀሰች። ከአንድ ሰዓት በኋላ ወደ ጓዳ ገብታ ስትመለስ አየችንና፣ «ውይ! መቼ መጣችሁ?» አለች። እንደገና ሳመችን፣ እንደገና አለቀሰች። ልጇ ተሸማቀቀች፣ ልታርማት ፈለገች። ባለቤቴ ግን ከወንበሩ ተነስቶ፣ «አሁን ነው እማማ፣ አሁን መግባታችን ነው» አላት። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሦስተኛ ጊዜ መጣን። ሦስቱንም ጊዜ ደስታዋ ያው ነበር፣ ምንም አልቀነሰም።

ልንሄድ ስንል መሽቶ ሊጨልም ተቃርቦ ነበር። ወደ ማደሪያችን ገና ሁለት ሰዓት መንገድ አለን። ሻንጣችን ተጭኗል፣ ተሰናብተናል፣ ባለቤቴ ሞተሩን አስነስቷል። አክስቴ ልትሸኘን በር ላይ ቆማ ድንገት ፊቷ በራ። እጆቿን ዘረጋችና፣ «እንዴ! ምን ውጭ ትቆማላችሁ? ግቡ እንጂ!» አለች።

ባለቤቴን አየሁት። ሰዓቱን አላየም። ሞተሩን አጠፋ፣ ቁልፉን ኪሱ ከተተ፣ በሩን ከፍቶ ወረደና ከኔ በፊት ገባ።