ዝናቡ ሳይገባ

ጤና ይስጥልኝ!

የተከበራችሁ የፈረስ ባለቤቶች፣ ውድ ፈረስ ጠባቂዎች፣ የሙያ ባልደረቦቼ፤ የጠራችሁኝ ስለ ፈረስ ጤና በጠቅላላው እንድናገር ነው። ተዘጋጅቼም መጥቻለሁ። ግን ግንቦት ገብቷልና አንዱን ጉዳይ፣ የአፍሪካ ፈረስ በሽታ ክትባትን፣ ሳልጨርስ ወደ ሌላው አላልፍም።

ዳማውን ፈረስ አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ። ጥምቀት ላይ ጃን ሜዳ ሲገባ ልጆች እየሮጡ የሚከተሉት፣ ያ ዳማ። ባለፈው መስከረም፣ መስቀል በዋለ በሳምንቱ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስለ እሱ ተደወለልኝ። ስደርስ በእግሩ ቆሟል። አንገቱን ወደ ፊት ዘርግቶ፣ አፍንጫውን ነፍቶ ለትንፋሽ ይታገላል። ጌታው ጋቢያቸውን አውልቀው አልብሰውታል። ጠባቂው ልጅ ከአፍንጫው የሚወርደውን አረፋ በእጁ እየጠረገ፣ «ዶክተር፣ ማታ እኮ ገብሱን ጨርሶ በልቷል» ይለኛል። ቆይቶ ደግሞ ያንኑ ይለኛል። ምን ልመልስለት? የአፍሪካ ፈረስ በሽታ ሳንባ ላይ ሲወጣ እንዲህ ነው። በዚህኛው ዓይነት ከተያዙ 100 ፈረሶች የሚተርፉት 5 አይሞሉም። ቫይረሱን የሚገድል መድኃኒት የለም። ሻንጣዬን ከፍቼ አጠገቡ ቆምኩ። ሊነጋጋ ሲል ወደቀ።

ያ ፈረስ ግንቦት ላይ ሊከተብ ተመዝግቦ ነበር! ክትባቱን በበረዶ ይዤ ደጃቸው ድረስ ሄጃለሁ። «ዶክተር፣ ለሦስት ሠርግ ቀብድ ተቀብያለሁ። ከተወጋ ይረፍ አላሉም? ሰኔ ይሁንልኝ» አሉኝ ጌታው። ሰኔ ዝናብ ሆነ፣ ሐምሌ ጭቃ ሆነ፣ ነሐሴ ላይ ተረሳ።

በሽታውን የምታመጣው ደም የምትመጥ ደቃቅ ትንኝ ናት። በጭቃና በእርጥብ ፍግ ትራባለች፣ ጀንበር ስትጠልቅ ወጥታ እስኪነጋ ትነክሳለች። ክትባቱ ደግሞ ፈረሱን መከላከል የሚጀምረው ከተወጋ ከሳምንታት በኋላ ነው። ስለዚህ ማስከተብ ትንኟ ከመብዛቷ በፊት ነው እንጂ ጎረቤት ፈረስ ሲሞት መሯሯጥ አይጠቅምም። «አህያዬ ምንም አልሆነችም» የሚለኝ አለ። አህያ ትያዛለች፤ እንደ ፈረስ ግን አትሞትም። በእሷ አትመዝኑ።

ለግላሱና ለኮርቻው ጥልፍ የምናወጣውን ገንዘብ እርስ በርሳችን እናውቀዋለን። እዚሁ ጊዮርጊስ ፊት ለፊት፣ በ1923 ዓ.ም. በቆመው ሐውልት ላይ፣ ምኒልክ ዛሬም ፈረሳቸው ላይ ናቸው። አባ ዳኘው የምንላቸው በፈረሳቸው ስም ነው። ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ፣ ባልቻን አባ ነፍሶ እንላለን። ጀግናውን በፈረሱ ስም የሚጠራ ሕዝብ ፈረሱን ለሠርግ ቀብድ ብሎ ሳያስከትብ ይግደለው? እኔ ይህን አልቀበልም!

ጥፋቱ የባለቤቶች ብቻም አይደለም። አንድ ዓመት ክትባቱ ቢሾፍቱ ከሚመረትበት በደህና ወጥቶ፣ እዚህ አንድ ቢሮ ውስጥ ፍሪጁ ተበላሽቶ ሞቆ ደረሰኝ። ሁሉንም ደፋሁት። ፍሪጅ የሚጠብቅ ሰው ማስቀመጥ ያን ያህል ከባድ ነው? እናንተም አንድ አንድ እየሆናችሁ አትምጡ። ብልቃጡ ለብዙ ፈረስ ነው። አንዴ ከተበጠበጠ በሰዓታት ውስጥ ካላለቀ ይደፋል።

ሌላውን ባጭሩ ልበል። የፈረስ ጥርስ እያደር ይወጣል፣ ጠርዙም ሾሎ ጉንጩን ያቆስለዋል። ገብሱን የሚያንጠባጥብ ፈረስ ካላችሁ አፉን አሳዩኝ። ሰኮናው ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ይከርከም። ገጣባ ላይ ኮርቻ አይጫን። የትል መድኃኒት በክብደቱ ልክ እንጂ በግምት አይሰጥም። ምስማር የወጋውን ፈረስ በዚያው ቀን አምጡት፤ መንጋጋ ቆልፍ ጊዜ አይሰጥም። በክረምት ጀንበር ሳትጠልቅ ጋጣ አስገቡ።

ቅዳሜ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ለክትባቱ ጃን ሜዳ እንገናኝ። የዳማው ባለቤት ዛሬ እዚሁ መካከላችን አሉ፤ ታሪኩን እንድናገር የፈቀዱልኝም እሳቸው ናቸው። ዘንድሮ አንድ ቦራ ፈረስ ገዝተዋል። ቅዳሜ ለሠርግ ተጠርቶ ነበር፤ ትናንት ቀብዱን መልሰዋል። የመጀመሪያውን ተራ ለቦራው ይዤለታለሁ።